ከቢራው ጎን ሰሃኑን ማን አስቀመጠው?

እንግሊዝ አገር ከርሞ የመጣ ሰው ስለ አገሩ ሲያወራ ሁለት ነገር ሳያነሳ አያልፍም፤ ዝናቡንና መጠጥ ቤቱን። እንግሊዞች «ፐብ» የሚሉት ይህ መጠጥ ቤት ግን ዛሬ ዛሬ ሰው የሚጠራው በመጠጡ ብቻ ሳይሆን በምግቡም ጭምር ነው። በሩ ላይ የዕለቱ ምግብ በጠመኔ የተጻፈበት ጥቁር ሰሌዳ ይቆማል። እሑድ ቀትር ላይ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ የበሬ ጥብስ ከነድንቹና ከነመረቁ ሊበሉ ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። በጭስ የጠቆረው የጣሪያ እንጨት፣ የሚንቦገቦገው ምድጃ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የነሐስ ዕቃ ሁሉ ተባብረው «እዚህ ቤት ከቅድመ አያት ጀምሮ እንዲህ ሲበላ ኖሯል» የሚሉ ይመስላሉ።

አልኖረም። ተራው እንግሊዛዊ ሠራተኛ መጠጥ ቤት ይሄድ የነበረው ለመጠጣት እንጂ ለመብላት አልነበረም። ከቢራው ጎን ሰሃን እንዲቀመጥ ካደረጉት ነገሮች መካከል ጦርነትና የመንግሥት ትእዛዝ ዋነኞቹ ናቸው። ይህም ታሪክ ጎልቶ የሚታየው በአንዲት የሰሜን እንግሊዝ ከተማ፣ በካርላይል ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ማደሪያ፣ ወይን ቤትና ጠላ ቤት

እንግሊዞች ድሮ ሦስት ዓይነት ቤት ነበራቸው። አንደኛው «ኢን» ይባላል፤ መንገደኛ የሚያድርበት፣ ፈረስ የሚታሰርበት፣ ትኩስ እራት የሚቀርብበት ማደሪያ ነው። ሁለተኛው «ታቨርን» ሲሆን ገንዘብ ያለው ከተሜ ወይን የሚጠጣበት ቤት ነበር። ሦስተኛው «ኤልሃውስ» ነው። ይህኛው ሴቲቱ በጓዳዋ የጠመቀችውን የገብስ መጠጥ ለሰፈርተኛው የምትሸጥበት፣ በእኛ አነጋገር ጠላ ቤት የምንለው ዓይነት ነው። ምግብ ማለት እንግዲህ የመጀመሪያው ቤት ጉዳይ ነበር። የሠራተኛው ቤት ግን ሦስተኛው ነው።

በ1830 የወጣው የቢራ ቤት ሕግ ሦስተኛውን ዓይነት አበዛው። ግብር የሚከፍል ማንኛውም ሰው 2 ጊኒ ከፍሎ ፈቃድ ካወጣ ቤቱ ውስጥ ቢራ ጠምቆ መሸጥ ቻለ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአስር ሺህ የሚቆጠሩ ቢራ ቤቶች ተከፈቱ። በዚያው ዘመን ባቡር መጥቶ የፈረስ ሰረገላን ከመንገድ አስወጣ፤ ሰረገላው ሲቀር እራት የሚያቀርበው ማደሪያም ገበያው ቀዘቀዘ። በዚህ የተነሳ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ድረስ በፋብሪካ ከተሞች የነበረው መጠጥ ቤት ባብዛኛው ሰው ባንኮኒ ተደግፎ ቆሞ የሚጠጣበት ስፍራ ነበር። የሚቀመስ ነገር ከተገኘም ዳቦና አይብ፣ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ሽንኩርት ወይም በሊጥ የተጠቀለለ የሥጋ ቂጣ ቢሆን ነው። ወንዱ ይጠጣል፤ ምግቡ ቤቱ፣ ሚስቱ ዘንድ ነው።

የሰይጣን ገንፎ

ካርላይል ከስኮትላንድ ድንበር አጠገብ ያለች፣ ግንብና ካቴድራል ያላት ጥንታዊ ከተማ ናት። በ1915 የጸደይ ወራት፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት በጦፈበት ጊዜ፣ የእንግሊዝ ጦር የመድፍ ጥይት አለቀበት። ጉዳዩ መንግሥት አናጋ። አዲስ የተቋቋመውን የጦር መሣሪያ ሚኒስቴር የያዘው ሎይድ ጆርጅ ገና ከዚያ በፊት አገሪቱ ከጀርመን፣ ከኦስትሪያና ከመጠጥ ጋር እየተዋጋች ነው፤ ከሦስቱም የሚከፋው ጠላት መጠጥ ነው ብሎ በአደባባይ የተናገረ ሰው ነበር።

ከካርላይል 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ግሬትና በሚባለው ስፍራ፣ ድንበሩን ተሻግሮ 14 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋ የባሩድ ፋብሪካ መሠራት ጀመረ። የሚመረተው «ኮርዳይት» የሚባል የጥይት ማስፈንጠሪያ ነው። ናይትሮግሊሰሪንና በአሲድ የተዘጋጀ ጥጥ በአንድ ገንዳ ውስጥ ይቦካል፤ የሚያቦኩት ደግሞ ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ በእጃቸው። የሼርሎክ ሆልምስ ፈጣሪ አርተር ኮናን ዶይል በ1916 ፋብሪካውን ጎብኝቶ ያንን ሊጥ «የሰይጣን ገንፎ» ብሎ ሰየመው። ስሙም እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። ምርቱ በተሟላበት በ1917 ፋብሪካው ውስጥ 11,576 ሴቶችና 5,066 ወንዶች ይሠሩ ነበር።

ፋብሪካው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ግን ሕንጻውንና ሐዲዱን የሠሩት በሺህ የሚቆጠሩ የጉልበት ሠራተኞች ነበሩ፤ ብዙዎቹ አየርላንዳውያን። ደመወዛቸው ጥሩ ነው፣ ሚስትና ልጅ አጠገባቸው የለም፣ ማምሻውን የሚሄዱበት የለም። ስለዚህ በባቡር ወደ ካርላይል ይጎርፋሉ። በጣቢያው አጠገብ የነበረ አንድ መጠጥ ቤት ባቡሩ ከመድረሱ በፊት በመቶ የሚቆጠር ብርጭቆ ውስኪ ቀድቶ ባንኮኒው ላይ ደርድሮ ይጠብቃቸው እንደነበር ይተረካል። በ1915 ከ300 በታች የነበረው በስካር ተከሶ የሚፈረድበት ሰው ቁጥር በ1916 ወደ 1000 ተጠጋ።

መንግሥት ባለ መጠጥ ቤት ሲሆን

መንግሥት ምን ማድረግ ይችላል? መጠጥን ጨርሶ መከልከል አንዱ መንገድ ነው፤ በጦርነት መካከል ሠራተኛውን ማስቆጣት ግን አደገኛ ነው። የተመረጠው ሌላ መንገድ ነበር። በ1915 የተቋቋመው የመጠጥ ንግድ ተቆጣጣሪ ቦርድ በ1916 የካርላይልንና የአካባቢውን መጠጥ ቤቶችና ቢራ ጠማቂዎች ካሳ እየከፈለ ገዛቸው። በከተማዋ ከነበሩት ከመቶ የሚበልጡ መጠጥ ቤቶች ከአስሩ አራት ያህሉ ተዘጉ። የቀሩት የመንግሥት ሆኑ። ከቢራ ፋብሪካዎቹም አንዱ ብቻ ቀረ።

ቀጥሎ ደንብ ወጣ። የቢራና የውስኪ ማስታወቂያ ከየግድግዳው ተነቀለ። የመሸጫው ሰዓት አጠረ። ለተወሰነ ጊዜም ቅዳሜ ዕለት ውስኪና የመሳሰለውን መሸጥ ተከለከለ። ከሁሉም የገረመኝ ግን በጦርነቱ ዘመን በሌሎችም አካባቢዎች የወጣው የግብዣ ክልከላ ነው። እንግሊዞች አብረው ሲጠጡ ተራ በተራ ለሁሉም መግዛት ልማዳቸው ነው፤ አምስት ሆነው የገቡ እንደሆነ እያንዳንዳቸው ተራቸውን ሳይከፍሉ፣ ማለትም እያንዳንዱ ሰው አምስት ብርጭቆ ሳይጠጣ፣ መውጣት ነውር ነው። ስለዚህ ለሌላ ሰው መጠጥ መግዛት በሕግ ተከለከለ። ሒሳብ ልክፈል፣ አልከፍልም ተብሎ እጅ ለእጅ የሚያያዝ ሕዝብ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል መገመት አያስቸግርም። ሕጉ አንዲት ቀዳዳ ነበረችው፤ መጠጡ ከምግብ ጋር ከቀረበ መጋበዝ ይቻላል። ወዳጅህን መጋበዝ ከፈለግህ አብላው ማለት ነው።

ዋናው ብልሃት ያለው ግን ደመወዝ ላይ ነው። የመጠጥ ቤቱ ኃላፊ የመንግሥት ደመወዝተኛ ሆነ። ብዙ ቢራ ሸጠ ጥቂት፣ ገቢው ያው ነው። ምግብና አልኮል የሌለው መጠጥ ሲሸጥ ግን ጉርሻ ይታሰብለታል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የምንል ሰዎች ነንና የዚህን ደንብ ብልሃት ለመረዳት አያቅተንም። ሰውየው መብላቱ አይቀርም፤ እንግዲያው ከሾርባው ይብላ እንጂ ከስካሩ አይብላ ነው ነገሩ። እኔ እስከማውቀው በሥነ ምግባር ስብከት ያልተቻለውን በደመወዝ መዝገብ ለመሥራት ከተደረጉ ሙከራዎች ውስጥ ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ጥቂት ነው።

የመጀመሪያው አዲስ ቤት «ግሬትና ታቨርን» ሐምሌ 12 ቀን 1916 ተከፈተ። ሕንጻው ቀድሞ ፖስታ ቤት ነበር። ሠራተኛው ተቀምጦ ትኩስ ምግብ እንዲበላና ከምግቡ ጋር ቢራውን እንዲጠጣ ታስቦ የተዘጋጀ ነበር። በአካባቢው ባሉት ትናንሽ ከተሞችም ምግብ፣ ሲኒማና የኳስ መጫወቻ መስክ ያላቸው ቤቶች ተከተሉ።

ለመሆኑ ተሳካ ወይ? በ1918 በካርላይል በስካር የተፈረደበት ሰው ከመቶ በታች ወረደ። ይሁንና ውጤቱን ሁሉ ለሾርባው መስጠት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የግንባታ ሠራተኞቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሄደዋል፤ ቢራው ቀጥኗል፤ ዋጋው ጨምሯል፤ በመላው አገሪቱም ስካር ቀንሷል። ሳይካድ የሚቀረው ነገር አንድ ነው፤ መጠጥ ቤት ሲባል ወንበር፣ ጠረጴዛና ሰሃን ያለው ቤት ሊሆን እንደሚችል ካርላይል ላይ በግልጽ ታየ።

የሬድፈርን ቤቶች

ጦርነቱ ቢያልቅም መንግሥት ቤቶቹን አልለቀቀም። በ1921 ሕግ ወጥቶ ይዞታው በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር ቀጠለ። ሃሪ ሬድፈርን የተባለ አርክቴክትም አዳዲስ መጠጥ ቤቶችን ነደፈ። «አፕል ትሪ» በ1927 ተከፈተ፤ ሌሎችም እስከ 1940 ድረስ ተከታተሉ። የመጨረሻው ረዳቱ የነደፈውና በእሱ ስም «ሬድፈርን» የተባለው ቤት ነው።

ወደ ሰሜን እንግሊዝ በሄድኩ ጊዜ ካርላይል ላይ ሁለት ቀን ቆይቼ ከነዚህ ቤቶች የተወሰኑትን አይቻለሁ። ቀልቤን የሳበው የድንጋዩ ሥራ አይደለም፤ የክፍሎቹ አቀማመጥ እንጂ። ክፍሎቹ ብርሃን ይገባቸዋል፤ ጨለማ ጥግ የለም። ከባንኮኒው የቆመው ሰው ሁሉንም ያያል። መቀመጫው ከባንኮኒው ይርቃል። ቆሞ መጠጣት ቶሎ ያሰክራል፣ የተቀመጠ ሰው ግን ይረጋል፣ ይጫወታል፣ ይበላል የሚለው ሐሳብ በግንብ የተጻፈ ያህል ነው።

በአንዱ ምሽት ከማረፊያዬ አጠገብ ካለ መጠጥ ቤት ገብቼ እራት በላሁ። አስተናጋጅ ይመጣል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም፤ ደንቡ ሌላ ነው። ጠረጴዛ ይመርጡና ቁጥሩን ይይዛሉ፤ ባንኮኒው ዘንድ ሄደው ምግቡን ያዝዛሉ፤ ሒሳቡን ቀድመው ይከፍላሉ፤ መጠጥዎን ራስዎ ተሸክመው ይመለሳሉ። ምግቡ ሲደርስ ያመጡልዎታል። ሹካና ቢላዋው ከነመጥረጊያ ወረቀቱ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ነው። የአገሩ ምግብ እንደ እባብ ተጠቅልሎ የሚቀርበው የከምበርላንድ ቋሊማ ነው፤ ከ2011 ጀምሮ ስሙ በሕግ የተጠበቀለት ነው። የአሳማ ሥጋ ስለሆነ አለፍኩትና ዓሣና ድንች ጥብስ አዘዝኩ። ይህ የእንግሊዝ መለያ የሚባለው ምግብ እንኳ ግማሽ እንግዳ ነው፤ ዓሣውን በሊጥ ነክሮ በዘይት መጥበስ ከስፔንና ከፖርቱጋል የተሰደዱ አይሁዶች ይዘውት የመጡት ልማድ ነው። ከድንች ጥብስ ጋር አንድ ላይ መሸጥ የተጀመረው በ1860ዎቹ ሲሆን የጀማሪነቱ ክብር ለለንደን ነው ወይስ ለሰሜኑ የሚለው ክርክር አላለቀም።

ዓሣዬን በመብላት ላይ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ገቡ። አንድ ብርጭቆ ቢራ ይዘው መስኮት ሥር ካለው ጠረጴዛ ሊቀመጡ ሲሉ ልጅቷ ቀረብ ብላ «ይመገባሉ?» አለቻቸው። በትሕትና ነው የጠየቀችው። እንደማይመገቡ ነገሯት። ጠረጴዛው ለሚበላ ሰው የተያዘ መሆኑን ገለጸችላቸው። ሰውየው አልተቆጡም፤ ብርጭቆአቸውን አንስተው ባንኮኒው ዳር ወዳለችው ከፍ ያለች በርጩማ ሄዱ። ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ለመውጣት ጥቂት ታገሉ።

ሰሃኑ አገር ሲያዳርስ

ከካርላይል ውጭ ያለው መጠጥ ቤት ወደ ምግብ የዞረው ቀስ እያለ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምግብ በራሽን ሲታደል መንግሥት ራሱ በርካሽ የሚያበላባቸውን ቤቶች ከፈተ። መጀመሪያ የወጣላቸው ስም «የጋራ መመገቢያ ጣቢያ» የሚል ነበር፤ ቸርችል ስሙ አልጥም ብሎት «የብሪታንያ ምግብ ቤት» ይባሉ አለ። በ1943 ቁጥራቸው ከ2,000 በልጦ ነበር። ከቤቱ ውጭ በልቶ የማያውቅ ብዙ ሠራተኛ በዚያ ዘመን ውጭ መብላትን ለመደ።

በ1955 ፍራንክና አልዶ በርኒ የተባሉ ጣሊያናውያን ወንድማማቾች ብሪስቶል ላይ አንድ የቆየ መጠጥ ቤት ይዘው ስቴክ፣ ድንች ጥብስና አተር ብቻ በተወሰነ ዋጋ ማቅረብ ጀመሩ። የምግቡ ዝርዝር አጭር ስለሆነ ደንበኛው በፈረንሳይኛ ቃል አያፍርም፤ ባለቤቱም ብዙ ወጥ ቤት መቅጠር አያስፈልገውም። በ1970 ሲሸጡት ከመቶ በላይ ቅርንጫፍ ነበራቸው። በዚያው በ1950ዎቹ፣ አይብ ከራሽን በወጣ ማግስት፣ የአይብ ነጋዴዎች ማኅበር ዳቦ፣ አይብና የኮምጣጤ ሽንኩርት አንድ ሰሃን ላይ ደርድሮ «የአራሽ ምሳ» በሚል ስም በየመጠጥ ቤቱ እንዲሸጥ ቀሰቀሰ። ገበሬ ዳቦና አይብ መብላቱ እውነት ነው፤ ስሙ ግን የማስታወቂያ ልጅ ነው። ዛሬ ቱሪስቱ ጥንታዊ ምግብ ነው እያለ ይበላዋል።

ፖሊስም የራሱን አስተዋጽኦ አድርጓል። በ1967 ጠጥቶ የሚያሽከረክር ሰው ትንፋሹ በመሣሪያ እንዲመረመር ሕግ ሲወጣ የገጠር መጠጥ ቤቶች ደነገጡ። በመኪና የሚመጣ ደንበኛ አንድ ብርጭቆ ብቻ የሚጠጣ ከሆነ ትርፉ ከየት ይመጣል? ከሰሃኑ ነዋ። በ1989 ደግሞ ትልልቆቹ ቢራ ጠማቂዎች ከያዟቸው መጠጥ ቤቶች ከፊሉን እንዲለቁ ታዘዙ። ብዙ ቤት ለገበያ ወጣ። በ1991 ሁለት ሰዎች ለንደን ውስጥ «ኢግል» የተባለውን መጠጥ ቤት ተከራይተው ምድጃውን እዚያው ባንኮኒው ጀርባ ተከሉና የምግብ ቤት ያህል የተጠና ምግብ በመጠጥ ቤት ማቅረብ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ያለው የታወቀ ነው።

በዚህ መካከል መጠጥ ቤት በሌሊቱ 5 ሰዓት ገደማ ሲዘጋ የተራበውን ሰው የሚቀበሉት የሕንድ ምግብ ቤት የሚባሉት ነበሩ። አብዛኞቹን የሚያስተዳድሩት ግን ሕንዶች ሳይሆኑ ከባንግላዴሽ፣ ከሲልሄት አውራጃ የመጡ ሰዎች ናቸው። በ2001 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሮቢን ኩክ በቅመም የተሠራውን የዶሮ ቲካ ማሳላ እውነተኛ የብሪታንያ ብሔራዊ ምግብ ነው ብለው ሲናገሩ ቀልድም እውነትም ነበር። ዛሬ ያው ምግብ በመጠጥ ቤቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ከበሬ ጥብሱ ጎን ተጽፎ ይታያል።

ማን ተጠቀመ? ማን ተጎዳ?

ካርላይል ራሷ ምን ሆነች? በ1971 የኤድዋርድ ሂዝ መንግሥት ይዞታው እንዲሸጥ ሕግ አወጣ። ቤቶቹ ያተርፉ ነበር፤ ቢራቸውም ርካሽ በመሆኑ የከተማው ሰው ወዷቸው ነበር። ይሁን እንጂ ሽያጩ አልቀረም፤ 57 ዓመት የቆየው የመንግሥት መጠጥ ቤት በ1973 አበቃ።

ሰሃኑ ግን አሸነፈ። ያሸነፈውም ለብዙዎች በጎ ሆኖ ነው። መጠጥ ቤት የወንዶች ብቻ በነበረበት ዘመን ደጅ ቆማ ባሏን የምትጠብቅ ሴት ዛሬ ከልጆቿ ጋር ገብታ ትበላለች። ለዚህ ድል ምግቡ ያደረገውን ያህል ያደረገ ነገር ጥቂት ነው። በሌላ በኩል የቢራ ዋጋ ብቻ በኪሱ ይዞ ለመጫወት የሚገባው ሰው ቦታ ጠበበ። ሱፐርማርኬት ቢራውን በርካሽ ሸጠ፤ በ2007 ሲጋራ ማጨስ ተከለከለ፤ ምግብ ማቅረብ ያልቻለው የሰፈር መጠጥ ቤት ብዙ ጊዜ ቀድሞ ተዘጋ። በ2000 በብሪታንያ ከ60,000 የሚበልጡ መጠጥ ቤቶች ነበሩ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ከ50,000 በታች ሆኑ። በካርላይል ቦርድ ዘመን ሰሃኑ የመጣው ድሃውን ሠራተኛ ከስካር ሊያድን ነበር። ዛሬ በብዙ ቤት ሥራው ገንዘብ ያለውን መጥራት ሆኗል።

ታሪኩ በ2020 አንድ ጊዜ ተደገመ። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መጋቢት 20 ቀን መጠጥ ቤቶች ሁሉ ተዘጉ። ከሌላ ዙር መዘጋት በኋላ በታኅሣሥ መጀመሪያ እንደገና ሲከፈቱ፣ የካርላይል አውራጃ ከምብሪያ ጭምር በነበረችበት የቁጥጥር ደረጃ፣ አልኮል መሸጥ የሚቻለው ከበቂ ምግብ ጋር ብቻ ነው ተባለ። «በቂ ምግብ» ምንድን ነው? ክርክሩ ተፋፋመ። በተፈጨ ሥጋ ተጠቅልሎ የተጠበሰ አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ ስኮች ኤግ የሚሉት፣ በቂ ምግብ ነው ወይስ አይደለም? አንዱ ሚኒስትር ነው ሳይባል አይቀርም አሉ፤ ሌላው ገና የምግብ መክፈቻ ነው ካሉ በኋላ ሐሳባቸውን ቀየሩ። አገሩ ሁሉ ሳቀ።

ካርላይልን ያስታወሰ ሰው ግን ከሳቁ ጋር አንድ ነገር ልብ ማለቱ አይቀርም። በ1916ም ሆነ በ2020 ሕጉ ሲጽፍ የታየው በባንኮኒው ሌላኛው ወገን ያለውን ሰው በባዶ ሆዱ የማያምን መንግሥት ነው። ደጉ ነገር፣ በ1916ቱ ደንብ ሰሃኑን የሚያቀርበው ሰው ሰሃኑ ለሁሉም እንዲደርስ የሚገፋው ጉርሻ ነበረው። ሽማግሌውን ከመስኮቱ ሥር ያስነሣው ደንብ ግን የማንም ሚኒስትር ትእዛዝ አልነበረም፤ የገበያው ነው።